አራት ጊዜ የተተከለው ሰሌዳ

በመንገድ ዳር የሚቆም ምልክት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድንበር ምልክት ነው፤ «እስከዚህ የእገሌ፥ ከዚህ ወዲያ የእገሌ» ይላል። ሁለተኛው የታሪክ ምልክት ነው፤ «በዚህ ስፍራ ይህ ነገር ሆነ» ይላል። የፊተኛው መሬትን ይከፍላል፤ የኋለኛው ግን መንገደኛውን ለጥቂት ጊዜ አቁሞ ያለፈውን ዘመን ካለንበት ዘመን ጋር ያገናኛል። የታሪኩ ምልክት በወረዳ ድንበር አጠገብ ሲቆምና ታሪኩም ራሱ የድንበር ታሪክ ሲሆን፥ ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ብዙ ትምህርት ይገኝበታል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ያሰብነው እንዲህ ያለውን አንድ ሰሌዳ ነው።

ሰሌዳው የሚገኘው በአሜሪካ አገር፥ በሚሲሲፒ ግዛት፥ በታላሃቺ ወንዝ ዳር ነው። አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች «ካውንቲ» በሚባሉ ወረዳዎች የተከፈሉ ናቸው፤ የሚሲሲፒም ወረዳዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፍርድ ቤትና «ሸሪፍ» የሚባል የጸጥታ ሹም አላቸው። ሰሌዳው የቆመበት ስፍራ የታላሃቺ ወረዳ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ብዙ ሳይርቁ የለፍሎር ወረዳ ይጀምራል። ሁለቱም ለጥ ያሉ የጥጥ አገሮች ናቸው። ተራራ የለ፥ ገደል የለ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር መንገደኛ ድንበሩን የሚያውቀው በመንገድ ዳር በተጻፈው ስም ብቻ ነው። ነገር ግን በ1955 ይህ ለዓይን የማይታይ ድንበር በአንድ ልጅ ደም ላይ የተጣለ መጋረጃ ሆኖ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ልጁ ኤመት ቲል ይባላል። በቺካጎ ከተማ ተወልዶ ያደገ፥ ለእናቱ አንድ የሆነ፥ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ነበር። በኦገስት ወር 1955፥ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ፥ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደ ሚሲሲፒ ወረደ። ያረፈውም በለፍሎር ወረዳ፥ መኒ በምትባል መንደር አጠገብ፥ በእናቱ የአክስት ባል በአቶ ሞዝ ራይት ቤት ነበር። አቶ ሞዝ በሰው መሬት ላይ ጥጥ እያለሙ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉ፥ ስብከትም ያስተምሩ የነበሩ የ64 ዓመት ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን ኤመት በመንደሩ ወዳለው ሱቅ ገባ፤ በዚያም በባለ ሱቁ ሚስት ላይ ያልተገባ ነገር አደረገ ተባለ። ሴቲቱ ነጭ ነበረች። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ይህ ለሞት የሚያበቃ ወሬ ነበር። ኦገስት 28 ቀን ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ገደማ የሴቲቱ ባል ሮይ ብራያንትና የእናቱ ልጅ ጄ. ደብሊው. ማይላም ወደ አቶ ሞዝ ቤት መጥተው ልጁን ከመኝታው አስነሥተው ወሰዱት። ከሦስት ቀን በኋላ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ወጣት አስከሬኑን በታላሃቺ ወንዝ ውስጥ አገኘ። በአንገቱም ላይ 34 ኪሎ ያህል የሚመዝን የጥጥ መዳመጫ መኪና ማራገቢያ በእሾሃማ ሽቦ ታስሮበት ነበር።

እንግዲህ ድንበር ያደረገውን እንመልከት። ልጁ የተወሰደው ከለፍሎር ወረዳ ነው። አስከሬኑ የወጣው በታላሃቺ ወረዳ ነው። የተደበደበው ግን በሦስተኛ ወረዳ፥ በሰንፍላወር፥ ድሩ ከምትባል ከተማ አጠገብ፥ የማይላም ወንድም በሚያስተዳድረው እርሻ ላይ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው። የታላሃቺው ሸሪፍ «አስከሬኑ በእኔ ወረዳ ተገኝቷል» በማለት ነገሩ በወረዳው ፍርድ ቤት እንዲታይ አደረገ፤ ይኸው ሸሪፍ በችሎቱ ጊዜ ለተከሳሾች ወገን ቀርቦ አስከሬኑ የኤመት መሆኑን የሚያጠራጥር ምስክርነት ሰጠ። ሰምነር በምትባል ከተማ ከሴፕቴምበር 19 እስከ 23 ቀን 1955 በተደረገው ችሎት የተቀመጡት 12 ፈራጆች ሁሉም ነጮች፥ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ለምክር ወደ ውስጥ ገብተው ከ67 ደቂቃ በኋላ ተመለሱና ሁለቱን ሰዎች በነጻ ለቀቁ።

የለፍሎር ወረዳም የራሱ ተራ ደርሶት ነበር። ሰዎቹ ልጁን ከቤት እንደ ወሰዱት ለሸሪፍ አምነዋል፤ ሆኖም በኖቬምበር ወር የተሰበሰበው የወረዳው መርማሪ ሸንጎ በጠለፋ እንኳ እንዲከሰሱ አልፈቀደም። የሰንፍላወር ወረዳ ደግሞ ነገሩ በምድሩ እንዳልተፈጸመ ሁሉ ዝም አለ። በዚህ ዓይነት ሦስት ወረዳዎች አንዱን ሬሳ ሲገፋፉ ፍርድ በመካከል ወድቃ ቀረች።

በጃንዋሪ 1956 ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ ተቀብለው ልጁን የገደሉት እነርሱ መሆናቸውን «ሉክ» ለሚባል መጽሔት ተናገሩ። በነጻ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል ዳግመኛ ስለማይከሰስ የሚያስፈራቸው ነገር አልነበረም። በዚህ ንግግራቸው ግን የሰንፍላወሩን መጋዘን ከነአካቴው ሳይጠቅሱት አለፉ፤ በዚያ የነበሩትም ሌሎች ሰዎች ሳይጠሩ ቀሩ። የገዳዮቹ ቃል በመጽሔት ታትሞ ለብዙ ዓመታት እንደ ታሪክ ሲቆጠር ስለ ኖረ፥ ሦስተኛው ወረዳ ከታሪኩ ውስጥ ተፍቆ ቆየ። ከዚህ የምንረዳው፥ ውሸት ሁልጊዜ የሌለ ነገር በመፍጠር ብቻ እንደማይሠራ ነው። ያለውን ስፍራ በመዝለልም ይሠራል።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን እውነትን ያልዘለሉ ሰዎች ነበሩ። አቶ ሞዝ ራይት በፍርድ ቤቱ ፊት ብድግ ብለው፥ ያን ሌሊት ወደ ቤታቸው የመጡትን ሰዎች በጣታቸው አመለከቱ። በዚያ አገር ጥቁር ሰው በነጮች ሸንጎ ፊት በነጭ ላይ ጣቱን ማንሣቱ ምን ማለት እንደ ነበረ ለማወቅ፥ ከምስክርነታቸው በኋላ ቤታቸውንና ጥጣቸውን ትተው ወደ ሰሜን መሰደዳቸውን ማስታወስ ይበቃል። ዊሊ ሪድ የተባለ የ18 ዓመት ወጣትም ከመጋዘኑ ውስጥ የድብደባና የጩኸት ድምፅ መስማቱን መሰከረ፤ እርሱም ወደ ቺካጎ ሸሽቶ ስሙን ለውጦ ኖረ።

ከሁሉ በላይ ግን እናቲቱ ማሚ ቲል ናቸው። አስከሬኑ በፍጥነት በሚሲሲፒ እንዲቀበር ታስቦ ነበር፤ እርሳቸው ግን ልጄ ወደ ቺካጎ ይምጣልኝ አሉ። ሣጥኑ እንደ ታሸገ እንዲቀበር ትእዛዝ ነበር፤ እርሳቸው ግን አስከፈቱት። ፊቱ ከመደብደቡ የተነሣ የሰው ፊት አይመስልም ነበር። እናቲቱም ዓለም ሁሉ ያየሁትን ይይ ብለው ሣጥኑ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተከፍቶ እንዲቀመጥ አደረጉ። በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰልፎ አየው፤ ፎቶግራፉም በ«ጄት» መጽሔት ላይ ወጣ። እኒህ ሴት ከዚያ በኋላ ተምረው አስተማሪ ሆኑና በቺካጎ ብዙ ዘመን የሰው ልጆችን ሲያስተምሩ ኖረው በ2003 ዐረፉ። እኛም በዚያው ሙያ ያለን ስለሆንን፥ ልጇን ያጣች እናት በየማለዳው የሌላውን ሰው ልጆች ስም እየጠራች ስታስተምር መኖሯን ባሰብን ቁጥር ልባችን ይነካል።

ከዚህ በኋላ በወንዙ አገር ሃምሳ ዓመት ያህል ዝምታ ሆነ። በነዚያ ወረዳዎች ውስጥ የኤመትን ስም የሚጠራ አንድም የመንገድ ዳር ምልክት አልነበረም። በ2005 የሚሲሲፒ ግዛት ከግሪንውድ ተነሥቶ የለፍሎርንና የታላሃቺን ድንበር እየተሻገረ ወደ ታትዋይለር የሚሄደውን አውራ ጎዳና የኤመት ቲል መታሰቢያ ብሎ ሰየመው። በማግሥቱ ዓመት በምልክቱ ላይ ቀለም ተደፋበት። በመኒ መንደር ሱቁ በነበረበት ስፍራ በ2011 የቆመው ሰሌዳም በ2017 መጀመሪያ ተፋቀ፥ ቀጥሎም ጽሑፉና ሥዕሉ ተገሽልጦ ተወሰደ፤ ኋላም ታደሰ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የታላሃቺ ወረዳ ሥራ ነው። ጥቁሮችና ነጮች በአንድነት የተቀመጡበት የመታሰቢያ ኮሚሽን ተቋቁሞ፥ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 በዚያው በሰምነር ፍርድ ቤት ፊት ለኤመት ቤተ ሰቦች ይቅርታ ጠየቀ። ፍርድ ቤታችን ፍትሕን አጉድሏል፥ ዕርቅም የሚጀምረው እውነትን ከመናገር ነው የሚል ነበር የቃሉ ፍሬ ነገር። ከዚህም በኋላ በየስፍራው ሰሌዳዎች ተተከሉ። ከነዚህ አንዱ ግሌንዶራ ከምትባል መንደር ወጣ ብሎ፥ ግራቦል ላንዲንግ በሚባለው የወንዝ ዳር፥ አስከሬኑ ከውሃ ወጥቶበታል ተብሎ በሚታመነው ስፍራ የቆመው ነው።

የመጀመሪያው ሰሌዳ በ2008 ተነቅሎ ወደ ወንዙ ተጣለ። ልጁ በተጣለበት ወንዝ ስሙም ተከትሎት ገባ። ሁለተኛው ተተከለ፤ በጥይት እየተመታ ቆይቶ 317 ቀዳዳ ተቈጠረበት። ሦስተኛው በ2018 ተተከለ፤ 35 ቀን ብቻ ቆይቶ በጥይት ተበሳ። በ2019 ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠመንጃ ይዘው በተበሳው ሰሌዳ አጠገብ ፈገግ ብለው የተነሡት ፎቶግራፍ ታየ። ተማሪ የሚለውን ቃል ስንጽፈው እናፍራለን፤ ፊደል መቁጠርና ሰው መሆን ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ግን ይህ ፎቶግራፍ ያስረዳል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር አራተኛው ሰሌዳ ተተከለ። ከወፍራም ዐረብ ብረት የተሠራ፥ ጥይት የማይበሳው፥ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነው፤ የሚጠብቁትም የፎቶግራፍ መሣሪያዎች በአጠገቡ ተደርገዋል።

ይህን ታሪክ በቅርብ ጊዜ ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ከመካከላቸው አንዱ እጁን አወጣና «መምህር፥ ሰዎቹ የገዛ ወረዳቸውን ነውር በሰሌዳ የሚጽፉት ለምንድር ነው? አባቴ የቤት ገመና ወደ ውጭ አይወጣም ይላሉ» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ቶሎ መልስ መስጠት አቃተን፤ ምክንያቱም አባትዬው የተናገሩት ነገር እኛም ያደግንበት ነው። የባልንጀራን ጉድለት መሸፈን፥ የቤትን ምሥጢር መጠበቅ፥ የወደቀን ሰው በአደባባይ አለማዋረድ የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው። ይህን የሚንቅ ቤተ ሰብ አይጸናም።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጥያቄውን ይዘን ብዙ ካሰብንበት በኋላ ለተማሪው በማግሥቱ የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ገመናና በደል አንድ አይደሉም። ገመና ማለት ድህነታችን፥ ሕመማችን፥ ድካማችን፥ በመካከላችን ያለፈው ቁጣ ነው፤ ቢሸፈን የሚጎዳ ሰው የለም፥ ቢገለጥ ግን የሚዋረድ አለ። በደል ግን ተበዳይ አለው። በደልን የሚሸፍን ሰው የሚሸፍነው የራሱን ዕራቁት አይደለም፤ የሌላውን ቁስል ነው። የተሸፈነ ቁስል ደግሞ አይድንም፥ ይመግላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለውም ስለዚህ ነው። ስለዚህ አንድን ነገር ከመሸፈናችን በፊት «ይህ ቢሸፈን የሚጎዳው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። የምንጎዳው እኛ ብቻ ከሆንን ገመና ነው፥ ይሸፈን። ከመጋረጃው በስተ ጀርባ የሚያለቅስ ሌላ ሰው ካለ ግን በደል ነው፥ ይገለጥ።

ተማሪው ጥቂት አሰበና «እንግዲያስ የልጁ እናት ሣጥኑን ያስከፈቱት ገመናቸውን ስላልጠበቁ አይደለማ» አለ። አዎን፥ አይደለም። የልጃቸው የተበላሸ ፊት የእርሳቸው ነውር አልነበረም፤ የገዳዮቹ ነበር። ሣጥኑ ቢታሸግ ኖሮ የሚሸፈነው የበዳዮቹ ሥራ ነበር።

አንባቢዎቻችን ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው እንዳይሉ እንለምናቸዋለን። የሦስቱ ወረዳዎች ነገር በየቤታችን በትንሹ ይፈጸማል። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ደመወዟን ስትጠይቅ ባል «የቤቱ ነገር የሚስቴ ነው» ይላል፥ ሚስት «ገንዘብ የሚይዘው ባሌ ነው» ትላለች፥ ያገናኛት ሰውም «እኔ ከደጅ አድርሻለሁ» ይላል። ልጅቱ በሦስት ድንበር መካከል ስትመላለስ ዓመቱ ያልቅባታል። ወላጅ ሲሞት ከርስቱ የተገፋች እኅት ወደ ታላቅ ወንድሟ ስትሄድ ወደ ታናሹ፥ ወደ ታናሹ ስትሄድ ወደ ሽማግሌዎቹ ትላካለች። እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ይቆርሳል፤ በደሉን ግን ማንም በእኔ ወረዳ ተፈጸመ አይልም። እንዲህ ባለው ቤት የሚያድጉ ልጆች ሁሉን እያዩ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውንም ትምህርት አድርገው ይወስዱታል።

መድኃኒቱ የታላሃቺ ሰዎች ዘግይተው ያደረጉት ነው። «በእኛ ወረዳ ሆነ፥ በእኛ ፍርድ ቤት ጎደለ» ማለት ነው። ወረዳው የስሙ ወራሽ እንደ ሆነ ሁሉ የዕዳውም ወራሽ መሆኑን ተቀበለ። አባት ቤተ ሰቡን ሰብስቦ «ለዚህች ልጅ ያላደረግነው ነገር አለ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይህንም እንክፈል» ቢል ልጆቹ ፊት የሚያንስ ይመስለዋል። እኛ ግን በማስተማር ባሳለፍናቸው ዓመታት ያየነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ልጅ አባቱን የሚንቀው ሲሳሳት አይቶ አይደለም፤ ስሕተቱን ሲክድ አይቶ ነው።

ለይቅርታው ግን ዋጋ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ይቅርታ አንድ ቀን ተናግረው የሚገላገሉት ነገር ቢሆን ኖሮ የወንዙ ዳር ሰሌዳ አንድ ጊዜ ተተክሎ ይበቃ ነበር። እውነትን የሚጠሉ ሰዎች ሲነቅሉት መልሶ መትከል፥ ሲበሱት መለወጥ፥ ከሁለተኛው ይልቅ ሦስተኛውን፥ ከሦስተኛው ይልቅ አራተኛውን አጠንክሮ መሥራት ግድ ሆነ። በየቤታችንም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ያመንነው ጥፋት በሌላ ቀን በቁጣ ወይም በቀልድ ተመልሶ ሲካድ፥ እንደ ገና ማመን ያስፈልጋል።

ልጆቻቸውን በአሜሪካ የሚያሳድጉ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከዚህ ታሪክ ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው። ልጆቻቸው በዚያ አገር መንገድ ላይ ሲሄዱ የሚታዩት በኤመት መልክ ነውና፥ የዚያን አገር ታሪክ ከወላጅ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ፥ በ2016 በተከፈተው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ፥ ኤመት መጀመሪያ የተቀበረበት ሣጥን ይገኛል፤ አስከሬኑ በ2005 ለምርመራ ወጥቶ በሌላ ሣጥን ስለ ተቀበረ የቀድሞው ወደዚያ ገብቷል። 317 ቀዳዳ ያለበት ሰሌዳም በ2021 በዚያው ከተማ በአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ሕፃናትን ለማስደንገጥ ሳይሆን፥ ዕድሜያቸው ሲፈቅድ እጃቸውን ይዞ ማሳየትና መጠየቅ የሚፈልጉትን ሁሉ እንዲጠይቁ መተው የወላጅ ፋንታ ነው።

ጁላይ 25 ቀን 2023፥ ኤመት ቢኖር 82 ዓመት በሚሞላበት ቀን፥ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግራቦል ላንዲንግን፥ የሰምነርን ፍርድ ቤትና በቺካጎ ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመበትን ቤተ ክርስቲያን የአገሪቱ መታሰቢያ እንዲሆኑ ዐወጁ። ወንዙ፥ ፍርድ ቤቱና ሣጥኑ የተከፈተበት ቤት በአንድ ስም ተጠሩ። ወረዳ ከወረዳ የለየው ነገር ከ68 ዓመት በኋላ እንዲህ ተገናኘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው።

ያ ተማሪ በመጨረሻ የጠየቀን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ «አራተኛውንስ ቢነቅሉት?» አለ። እኛ ከመመለሳችን በፊት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «አምስተኛ ይተክላሉ» አለች። ከዚህ የተሻለ መልስ ስላላገኘን መጽሐፋችንን ዘግተን ክፍሉን አሰናበትን።